አባዬ፣ ወፏ ተናግራለች

ይድረስ ለአባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ ብልህ እንደማትመልስልኝ አውቃለሁ። ድሮም መጽሐፍ ላይ ካቀረቀርክ አትመልስም ነበር። ከተለየኸን ዓመት ሞላ፤ ሙት ዓመትህንም ባለፈው ሳምንት አወጣን።

እማዬ አሁንም እዚሁ ንፋስ መውጫ ታስተምራለች። ታናሼ ናቲ መነጽርህን አድርጎ “ፕሮፌሰር ነኝ” እያለ ከግድግዳ ጋር ይላተማል። ቅዳሜ አንተ ከዩኒቨርሲቲ ትመጣበት በነበረው ሰዓት ሚኒባስ ጡሩንባ ሲነፋ እማዬ ብድግ ትልና በሩን ልትዘጋ የተነሳች ታስመስላለች። እኔም እንዳላየ እሆናለሁ።

እውነቱን ልንገርህ? ሰላይነት የማይሆንልህ ሰው ነበርክ። መንግሥታት እርስ በርስ እንዴት እንደሚሰላለሉ ስታጠና ኖረህ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ የነበረውን ማር ማን እንደጨረሰው ሳታውቅ ሄድክ። (ናቲ ነው። እኔ ቀመስ ብቻ ነው ያደረግኩት።)

ይህን ግን የአርብ ገበያ ዘመዶችህን ማን ያስረዳቸው! “የማያርስ፣ የማይነግድ፣ ሲጠይቅ ብቻ የሚውል ሰው ከሰላይ በቀር ምን ይባላል?” ይሉ ነበር አያ ሞላ። የበቅሏቸውን ዘር እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት ሰውዬ፣ አንተ መቅረጫህን ስታወጣ ጆሯቸው ይደነቁራል። መሪጌታ በግዕዝ ይመልሱልህና አሜን ብለው ይነሳሉ። እማማ ትርንጎ ደግሞ “የዘንድሮን ገብስ አየኸው ልጄ?” ብለው ወሬውን ወደ ማሳ ይነዱታል።

አንተ የፈለግከው አውጫጭኙን ነበር። ድሮ ከብት ሲሰረቅ አገሬው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ሌባው ሳይታወቅ ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር አልከኝ። የሚያውቅ ሰው ለተመረጡት ሽማግሌዎች ሹክ ይላል፤ እነሱም ማን እንደነገራቸው ሲጠየቁ “ወፍ ነገረችን” ይላሉ። “ኤምባሲ በለው ሜዳ በለው፣ ነጋሪውን ካልደበቁት ሁለተኛ የሚናገር አይገኝም” ትል ነበር። የመጽሐፍህን የመጨረሻ ምዕራፍ አንዲት ወፍ ራሷ እንድትናገርበት ባዶ ትተኸው ሄድክ።

አባዬ፣ ወፏ ተናግራለች።

የሙት ዓመትህ ዕለት ጠበሉ ተጠጥቶ ሰው ሲበተን ከእነዚያ ከሦስቱ አንዳቸውን እጃቸውን ይዤ ስሸኝ፣ መንገድ ላይ ቆም አሉ። “ያኔ ከብት ተሰርቆ አውጫጭኝ የተቀመጥን ጊዜ የሹክታው ባለቤት እኔ ነበርኩ” አሉኝ። እንዴት እንደፈሩ፣ ከዚያ ወዲያ ስንት ገበያ ዓይን እንደሸሹ፣ ሁሉንም ነገሩኝ። “ለምን ለአባዬ አልነገሩትም?” ብላቸው፣ “የሌባው የልጅ ልጅና የእኔ የልጅ ልጅ ዛሬ ባልና ሚስት ናቸው። ስሜ ከወጣ ትዳሩ ይፈርሳል፤ ደምም ሊያፋስስ ይችላል” አሉ። ቀጥለውም፣ “አባትሽ እምቢ ስንለው አይነዘንዝም ነበር። መቅረጫውን ኪሱ ከትቶ መንሽ ያነሳና አብሮን ሲወቃ ይውላል። እሱ ሳይሰማው መሄዱ አንጀቴን ይበላኛል” አሉኝ። አለቀስኩ። መንሽ አያያዝህ ትዝ ሲለኝ ደግሞ ሳቄ መጣ።

የሰማሁትን ስሙን ትቼ ጽፌ፣ መጽሐፍህን ለሚያሳትመው ባልደረባህ ላክሁለት። ወዲያው ደወለ። “ድንቅ ነው! ግን ማን ነው የነገረሽ? ስም ከሌለው ምዕራፉን ማስገባት ይቸግረናል” አለኝ። አባዬ፣ ያቺን ምዕራፍ እንዴት ትመኛት እንደነበር አውቃለሁ። አንድ ስም ብናገር ያልቅ ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

“አባዬ ቢሆን ይነግርዎት ነበር?” አልኩት።

ሳቀና “የእሱ ልጅ መሆንሽን ረስቼ” አለ። ምዕራፉ ይገባል። የግርጌ ማስታወሻው ላይ “ማን ነገራት?” ለሚል ሰው የሚጻፈው አንድ ቃል ነው፤ ወፍ።

አመሰግናለሁ አባዬ። እኔ እንኳ ሌላው ልጅ ከአባቱ መሬት ሲወርስ ለእኔ የደረሰኝ ዝም ማለት ነው ብዬ ላሾፍብህ ነበር፤ ለካስ የሰው አደራ የሚያድረው እዚያው ዝምታ ውስጥ ነው። እምቢ ያሉህን ሰዎች ስላከበርክልኝ አመሰግናለሁ። አሁን አርብ ገበያ ስሄድ ከንፈሩን የሚነክስብኝ የለም፤ አያ ሞላ እንኳ የበቅሏቸውን ስምንተኛ ቤት ጀምረውልኛል።

መቼም እዚያም ሆነህ ከሦስቱ የትኛው ነው ብለህ ምርመራ መጀመርህ አይቀርም። አትድከም። ያን ቀን አያ ሞላንም፣ መሪጌታንም፣ እማማ ትርንጎንም ተራ በተራ እጃቸውን ይዤ ቤታቸው አድርሻለሁ። አንተው ነህ ያስተማርከኝ።

የወፏን ስም ላንተም ቢሆን አልናገርም። ያንተን ግን በየገበያው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ማንም እየሰማኝ፣ ጮክ ብዬ እየጠራሁ እኖራለሁ።

ማሩን የቀመስኩት ልጅህ፣
ቃልኪዳን