ነቅቶ የሚጠይቅ በሽተኛ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ የቀን ተራ። ስድስት ቁጥር አልጋ ላይ ያለው ልብስ ሰፊ፣ ሳንባን በሚተካው ማሽን ላይ ሃያ ሦስተኛ ቀኑ። ደሙ በአንገቱ ቱቦ ይወጣል፣ ማሽኑ ውስጥ አየር ያገኛል፣ ተመልሶ ይገባል። ሳንባው ሥራ ፈቷል። እኔ ነርሷ በየሁለት ሰዓቱ የእጅ ባትሪ አብርቼ የማሽኑ ማጣሪያ ላይ ደም አለመርጋቱን አያለሁ። ለዚህ ነው ስሜን ትቶ "ባለባትሪዋ" የሚለኝ።

ድሮ እዚህ ማሽን ላይ የተደረገ ሰው ሁሉ በመድኃኒት ይተኛ ነበር። አሁን ነቅተው ነው። ይበላሉ፣ ይቀልዳሉ። ዛሬ አራት ሆነን ደግፈነው እስከ መስኮቱ ሄደ። ማሽኑን የገፋሁት እኔ ነኝ። ላብ በላብ ሆኖ፣ "የግራ እጅጌሽ ይረዝማል። ይሄን ጋውን የሰፋው ሰውዬ አልታሰረም እንዴ?" አለኝ። ሳቅሁ። ደህና ቀን ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
ሐኪሙ ባለቤቱን ቢሮ ጠራት። እኔም ነበርኩ። ሳንባው አይመለስም። የሌላ ሰው ሳንባ እንዳይተካለት ደግሞ ልቡ ቀዶ ጥገናውን አይችልም። ማሽኑ ያቆየዋል እንጂ አያድነውም... ቢበዛ ሁለት ሳምንት።

አላለቀሰችም። ኮሪደር ላይ ግን ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

"የኔ ልጅ፣ በሞቴ እንዳትነግሩት። ሆደ ቡቡ ነው። ከሰማ ዛሬውኑ ይሞትብኛል።"

"ከጠየቀኝስ፣ እትዬ?"

"እየተሻለህ ነው በይው።"

እሺ አልኩ። ምን ልበል? የተኛ ሰው እኮ አይጠይቅም ነበር...

ዓርብ፣ ጥቅምት 8
ጠየቀኝ። "እየተሻለዎት ነው፣ ጋሼ" አልኩት። ዓይኔን ከማጣሪያው ሳላነሳ።

እሑድ፣ ጥቅምት 10
ማጣሪያው ላይ ጥቁር ነጥቦች፣ የረጋ ደም። ተቀየረ። ሦስተኛው ነው።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ መጣች። ስለ ሱቁ አወሩ። ሳይሰፋ ስለቀረው የሙሽራ ሱፍ፣ ስለ ሱቁ መጋረጃ። እሷ ትስቃለች፣ እሱም ይስቃል። ስትወጣ ጠራኝ።

"ባለባትሪዋ፣ ነይ እስቲ። ከረቡዕ ጀምሮ ማጣሪያውን እንጂ እኔን አታዪኝም። አርባ ዓመት ሰው ስለካ ኖሬያለሁ። ልብሱ እንዳልሆነለት እያወቀ 'ያምራል' የሚል ደንበኛ ፊቱ አይጠፋኝም።"

ባትሪዬን አብርቼ ወደ ማጣሪያው ዞርኩ።

"ገብቶኛል፣ ልጄ። ለሷ ግን እንዳትነግሪያት። ሆደ ቡቡ ናት፣ አትችለውም።"

እሷም ታውቃለች... ይቺን ማለት ነበረብኝ። "እሺ፣ ጋሼ" አልኩ። ለሚስትም እሺ፣ ለባልም እሺ። ፈሪ ነኝ። ነገ ዕረፍት ነኝ። ማክሰኞ ጠዋት ሁለቱንም አስቀምጬ እነግራቸዋለሁ። በቃ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
ንጋት ላይ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ነበር። ስገባ ዓይኑ ተከድኗል። ብጠራውም አይሰማም።

ሐኪሙ ባለቤቱን አነጋግሮ ከወሰነ በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ማሽኑ ቆመ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ባለቤቱ እጁን እንደያዘች፣ "ሳያውቅ ነው የሄደው፣ አይደል?" አለችኝ።

"አዎ፣ እትዬ። ሳያውቅ ነው።"

"ተመስገን።" አንሶላውን እስከ ደረቱ ሳበችለት። ከዚያ፣ "የምነግረው ስንት ነገር ነበረኝ። እንዳይጠረጥር ብዬ ዋጥኩት" አለች።

እሱስ? እሱስ ስንቱን ዋጠ? እኔ ነኝ መሀል ቆሜ ያስዋጥኳቸው። ቤት ገብቼ ጋውኔን እንኳ ሳላወልቅ ቁጭ አልኩ። የግራ እጅጌው እውነትም ይረዝማል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5
ስድስት ቁጥር ሌላ በሽተኛ አለች። ጡረታ የወጣች አስተማሪ። ነቅታለች፣ ታነባለች። ዛሬ ሐኪሙ ልጇን ቢሮ ጠራው። ያንኑ ነገረው። ልጁም ኮሪደር ላይ ክንዴን ያዘኝ።

"እህቴ፣ በናትሽ፣ ለእማዬ እንዳትነግሪያት።"

"አልነግራትም" አልኩት። "አንተ ነህ የምትነግራት። እኔ አጠገብህ እቆማለሁ።"

"ምን አገባሽ?" ብሎ ጮኸብኝ። እሺ ግን አላልኩም። ወንበር አምጥቼ አልጋዋ አጠገብ አኖርኩለት። መጋረጃውን ሳብኩ። ባትሪዬን ኪሴ ከትቼ ዓይን ዓይኑን አየሁት።

ብዙ ቆመ። ከዚያ ተቀመጠ።