መጋረጃውን ገልጬ የወጣሁ ቀን

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ቻለ ወይስ አሁንም ግድግዳ እየያዝሽ ነው? የአባዬ ሳልስ ለቀቀው? ይህን የሚያነብልሽ እሱ ከሆነ የሚያናድደውን መስመር እየዘለለ እንዳያነብ አደራ በይው። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። እትዬም ትበላለች፣ ትተኛለች። ከእኔ ጋር ግን አትነጋገርም። ሐኪሙ ጉሮሮዋ ላይ እብጠት አግኝቶ ቃል እንዳትተነፍስ ስላዘዛት፣ ዝምታዋ ኩርፊያ ይሁን ሕክምና መለየት አቅቶኛል።

በስልክ «ታላቅሽ ናት፣ ገመናዋን ሸፍኚላት፤ ወደ ቦታሽ ተመለሺ» ብለሽኝ ነበር። በስልክ ካንቺ ጋር መከራከር አይሆንልኝምና ይኸው እጽፍልሻለሁ። ነገሩን የሰማሽው ከሥራ አስኪያጃችን አፍ ብቻ ስለሆነ ከሥሩ ልንገርሽ።

የሆቴሉን አንሶላ ስታጥቢ እኔና እትዬ እናጥፍልሽ ነበር። ጫፍና ጫፉን ይዘን ስንራራቅ ድምፃችንን እንለቀዋለን፣ ልናገናኘው ስንቀራረብ ዝቅ እናደርገዋለን። እሷ ስትተነፍስ እኔ ዜማውን እይዛለሁ፣ እኔ ስተነፍስ እሷ ትይዛለች፤ አንሶላውም ዘፈኑም መሬት አይነካም። እዚህ መድረክ ላይ የሠራነው ያንኑ ነው። ሰዉ ረቂቅ ውዝዋዜ መስሎት አጨበጨበልን። «እህትማማቾቹ» ተብለን አዳራሽ ከአዳራሽ የዞርነው በዚህ ነው። መብራቱ ሲበዛብኝ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ያኔ በመካከላችን ነጭ ነገር የተዘረጋ ይመስለኛል፤ እርጥብ፣ ሳሙና ሳሙና የሚሸት፣ ነፋስ የገባበት።

አምና የእትዬ ድምፅ መሻከር ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ «ሁለቱ ማይክሮፎን ፊት ለፊት ሲሆን ይጮህብናል፣ አንቺ ከመጋረጃው ጀርባ ዝፈኚ» አለኝ። አመንኩት። ገመድና ሳጥን መሀል ቆሜ፣ በጨርቁ የሚያልፈው ብርሃን እግሬ ላይ ሲዋኝ እያየሁ ዘፈንኩ። የእትዬ ማይክሮፎን መዘጋቱን ማንም አልነገረኝም። እሷም አልነገረችኝም።

አንድ ቀን ጫማዬን ላሳድስ ብሄድ የጫማ ሰፊው ሬዲዮ በእኔ ድምፅ ይዘፍናል። ከመጋረጃ ጀርባ የዘፈንኩትን ቀድተው በእትዬ ስም አውጥተውታል። ሰውዬው መዶሻውን አስቀምጦ «ታላቅየዋ ለብቻዋ ያወጣችው ነው። ይቺ ልጅ እኮ ስትዘፍን ሚስማሩን የት እንደመታሁ ይጠፋኛል» አለኝ። እኔ ነኝ የምዘፍነው ብዬ ብነግረው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «እኔም ንጉሥ ነኝ፤ ሶልሽ ግን ነገ ነው የሚደርሰው» አለ።

እቤት ገብቼ ስጠይቃት እትዬ አላስተባበለችም። ያኔ ገና ትናገር ነበር። «ስሜ ከወደቀ ምን ይቀረኛል? አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ሌላ እንጀራ አታጪም» አለችኝ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ዝም አይነቅዝም ሲል መከረኝ። እማዬ፣ ዝም ብዬ ልነቅዝ ደርሼ ነበር። ደግሞም አንቺ በሰው ልብስ እጥበት ያስተማርሽኝ አፌን ለሌላ ሰው እንዳከራይ አይደለም።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዘፈኑ እኩሌታው ላይ ሲደርስ፣ መጋረጃውን ገልጬ እየዘፈንኩ ወጣሁ። የሰዉ ፊት በውሃ ውስጥ እንዳለ ጠጠር ይታየኝ ነበር፤ ብዙ፣ ፈዛዛ፣ ዝም ያለ። እትዬ ከንፈሯን ማንቀሳቀስ አቆመች። ላዋርዳት አልወጣሁም፤ አጠገቧ ቆሜ እጄን ዘረጋሁላት። አልያዘችውም። አንዲት ሴት «ለካ ሲያሞኙን ነው የኖሩት» ስትል፣ ከኋላዋ አንዱ «ቆይ ትጨርስ፣ ከዚያ ትናደጂያለሽ» አላት። ጨረስኩ።

ሥራ አስኪያጁ ከእንግዲህ አዳራሽ የሚሰጥሽ የለም ብሎኝ ነበር። የአናጢዎቹ ማኅበር ሰጠኝ፤ አንዱ ወንበር ከሌላው የማይመሳሰል፣ የእንጨት ፍቅፋቂ የሚሸት አዳራሽ ነው። በወሩ መጨረሻ እሑድ ለብቻዬ እዘፍናለሁ። ማስታወቂያው ላይ ያለው ስም አባዬ ያወጣልኝ ነው፦ ቃሪያ። አታሚው «ይህን አይቶ ሰው ሸመታ እንዳይመጣ» ብሎ ስቆብኛል።

ትናንት ማስታወቂያዎቹ ከጠረጴዛዬ ላይ ጠፉ። እትዬም የለችም። ቀዳዳቸዋለች ብዬ ደሜ ፈልቶ መንገድ ወጣሁ። አንዱ ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ አንዱ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ፤ እሷ ነገር ሲጣመም አትወድምና ሁሉም ቀጥ ብለዋል። የመጨረሻውን ያገኘሁት በሥራ አስኪያጁ ቢሮ በር ላይ ነው። ስትገባ ጣቶቿ በማጣበቂያ ነጥተው ነበር። አላየችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት። ይቅር ተባብለናል ብዬ አልዋሽሽም፤ እኔ ገና ነኝ፣ እሷም ገና ናት። ግን ወደ መጋረጃው ተመለሺ አትበይኝ። ድምፅዋ ሲመለስ ከፈለገች መድረኩ ለሁለት ይበቃል፤ ከፊት ለፊት።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። አክስቴን ሰላም በይልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ እጅጌው ረዝሞ እንደ ጓንት ያገለግላል። ድምቡሼ ወንድሜን ጆሮውን ቆንጥጠሽ ሳሚልኝ፣ ትምህርቱን እንዳይዘነጋ። ጎረቤታችን፣ ዘፋኝ ቤት አይሠራም የሚሉትን እመቤት፣ እግዜር ይስጥልኝ በያቸው፤ ሲከፋኝ እሳቸውን አስቤ እነሳለሁ። አንቺን ደግሞ ዓይንሽን ስሜሻለሁ።

የዚያን እሑድ ከሰዓት አትደውይልኝ። አላነሳም፤ እየዘፈንኩ ነው።

ልጅሽ
ከዳቦ ቤቱ በላይ ካለችው ክፍላችን፣ የካቲት 14 ቀን