ሐዲዴ ላይ የተሰመረ እርሳስ

ለምወድሽ ትንሿ ልጄ፣

ሰባ ስምንት ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ፣ ካልሲዬን ራሴ አጥባለሁ፣ ክር በመርፌ ቀዳዳ አስገባለሁ፤ ሦስት ጊዜ ቢያቅተኝ በአራተኛው። ይህን ያስቀደምኩት እህትሽ በስልክ ሌላ ሌላ ነገር እንደምትነግርሽ ስለማውቅ ነው። አንቺስ እንደምን ከርመሻል? ያ ሳል ለቀቀሽ? ባለቤትሽ ደህና ነው? ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ፤ እኔ ፊደል የቆጠርኩት ፉርጎ ላይ ከተጻፈው ነው። ሌላ ሰው ይጻፍልኝ እንዳልል ነገሩ የቤት ነገር ሆነብኝ።

ባቡሬን ታውቂዋለሽ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በጓዳው ክፍል ጠረጴዛ ላይ የዘረጋሁትን ትንሹን ሐዲድ ማለቴ ነው። ጣሪያው አፍስሶ የወረቀት ተራራዬ ሟሸሸ፣ የጠረጴዛው ኮምፔንሳቶም ጎበጠ። እናትሽ ብትኖር "እሰይ፣ ያቺ ጣቢያ ድሮም ጠማማ ነበረች" ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። እንደ አዲስ ልሠራው ተነሳሁ። ሐዲድ ጥገና ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት እንደለመድኩት መጀመሪያ መስመሩን በሙሉ ልኩ ወለሉ ላይ በጠመኔ አሰመርኩ። ኩርባውን አሰፋሁ፤ በጠባብ ኩርባ ረጅሙ ፉርጎ ይወድቃል። ጠረጴዛው ዙሪያውን ግድግዳውን ይዞ መሀሉ ክፍት ነው። በሥሩ በእንብርክክ አልፌ መሀል እቆማለሁ፣ ባቡሩ ይዞረኛል። ሁሌም እንዲህ ነው የምገባው።

ባለፈው ወር አንድ ቀን ከምሳ እስከ ማታ ጠረጴዛው ሥር ቆየሁ። ሽቦ እያየሁ ነበር። ማንንም አልጠራሁም፤ የምጠራበት ምክንያትም አልነበረም። እህትሽ ግን መጥታ ጎትታ አወጣችኝ። ልቀቂኝ ብላት አልለቀቀችኝም።

ሹክሹክታው የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። እኔ ስገባ ወሬ ይቋረጣል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ። ሐኪም ቤትም ወሰደችኝ። ሐኪሙ ጉልበቴን መታ መታ አደረገና ወሬውን ከእሷ ጋር ኮሪደር ላይ ጨረሰው። ጉልበቱ የማን ነው?

ቀጥሎ ባሏ አናጺው፣ አንድ ሚስማር እንኳ ሳይጠይቅ የማይወስደው ሰው፣ ሜትሩን ይዞ ክፍሌ ይገባ ይወጣ ጀመር። የበሩን ስፋት ሲለካ ያዝኩት። ምን ፈልገህ ነው ብለው "ኧረ ምንም አባባ፣ እንዲሁ ነው" አለኝ። ሰው እንዲሁ በር ይለካል? በነጋታው ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት የእርሳስ መስመር አገኘሁ፤ ዋናውን ሐዲድ ሁለት ቦታ የሚቆርጥ። ገባኝ። ቆራርጠው ሊያወጡት ነው፤ ክፍሉን ሊያከራዩ፣ እኔንም ሽማግሌ የሚሰበሰብበት ቤት ሊያስገቡኝ። መስመሩን በላጲስ አጠፋሁት። ተመልሶ ተሰመረ። ደግሜ አጠፋሁት፣ ደግሞ ተሰመረ። በመጨረሻ የእሱን ደህናውን መጋዝ ወስጄ ፍራሼ ሥር ከተትኩና ተኛሁበት። ጎኔ ተላጠ እንጂ አልሰጠሁም።

ምሳ ላይም ተናገርኩት። "ሳልሞት ቤቴን በመጋዝ የምትካፈል የቤት ሌባ" አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ምሳውን በላ። እህትሽ ግን "አባዬ፣ ዝም ያለህ ሁሉ ጥፋተኛ ነው የሚመስልህ" ብላ ተነሳች።

ማክሰኞ ሁለቱም ሲወጡ ጓሮ ያለው የአናጺ ክፍሉ ገባሁ፤ የደበቁትን ላገኝ። ከጣውላው ኋላ አንዲት አጭር ሳንቃ ቆማለች። ጎኗ ላይ ሁለት የናስ ማጠፊያ፣ ላይዋ ላይ ሐዲድ። ወደ ክፍሌ ወስጄ ኩርባዋን ወለሉ ላይ በጠመኔ ካሰመርኩት ጋር አስተያየሁት፤ አንድ ሚሊ አልሳተም። በሁለቱ የእርሳስ መስመሮች መሀል የምትገባ፣ ወደ ላይ የምትነሳ በር ናት፣ ልጄ። ስትነሳ ሰው ቀጥ ብሎ ወደ መሀል ይገባል፤ ስትወርድ ባቡር ያልፍባታል። እንብርክክ የለም።

ስፋቷን ሁለት ጊዜ ለካሁት። ለእኔ ለከሳሁት ግማሹ ይበቃኝ ነበር። በክፍሌ በር ላይ ምልክት ያደረገውም ያንኑ ስፋት ነው፤ በእጅ የሚገፋ ወንበር የሚያሳልፍ። ሐኪሙ ምን እንዳለ አልጠየቅሁም። አንቺም አትንገሪኝ። ከሳንቃዋ ሥር በወደቀው የማጠፊያዎቹ መጠቅለያ ላይ የእጅ ጽሑፍሽን አይቻለሁና፣ አላውቅም እንዳትዪኝ። ሳንቃዋን እንደነበረች መልሼ አቆምኳት።

ዕድሜና ጤና አይጉደልብሽ፤ ደጅሽ ለመልካም እንግዳ ይከፈት፤ ከእኔ የቀረውን ዕድሜ ለልጆችሽ ይጨምርላቸው። ዕዳዬን ግን አንዳችሁም እንዳትነኩብኝ፤ የምከፍለው ራሴ ነኝ። መጋዙን ጥርሱን ሞርጄ እመልሳለሁ። ያጠፋሁትን መስመር በገዛ እርሳሴ አሰምረዋለሁ። ለእህትሽ ያን ቀን ጠረጴዛው ሥር ሽቦ እያየሁ እንዳልነበር እነግራታለሁ። ሌባ ያልኩት ምሳ ላይ ነበር፤ ይቅርታውንም የምለው ምሳ ላይ ነው፣ እነሱ እንደተቀመጡ፣ እኔ ቆሜ።

አባትሽ