አንድ ሪሲቨር ለእኔና ለአማቴ

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ከሳሎኑ ሪሲቨር ወደ አማቴ ክፍል ገመድ ከሳብኩ ወር ሞላኝ። ቲቪው ሁለት፣ ቻናሉ አንድ፣ ሪሞቱ በእኔ እጅ። ሥልጣን ነውና ደግ ገዢ ልሁን ብዬ፣ ኳሴን ሠውቼ፣ ለጸሎተኛዋ አማቴ ስብከት ብቻ ስከፍት ከረምኩ። ዛሬ ትልቅ ጨዋታ ስላለ ልለምናቸው ገባሁ።

«እማማ፣ ዛሬን ብቻ ስብከቱን ልቀይረው?»

«እሰይ! የቱርክ ድራማዬ እንዴት ናፍቆኛል! ልጄ ጌታን እያገኘ ነው ብዬ ቻልኩት እንጂ!»

በሳቅ ሞትን። ኳሱንም አብረን አየን፤ ዳኛውን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ረገሙት። ሲያልቅ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«መዳንህን ለኅብረታችን ተናግሬአለሁ። ቅዳሜ ምስክርነትህን ሊሰሙ ከካራ ድረስ ይመጣሉ።»

ምን ልበላቸው? ስብከቱን እንደሆነ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ የቀረኝ መዳኑ ብቻ ነው።