ከአንድ ትሪ የበሉ ጫጩቶች

ለምወድዎና ለማከብርዎ አክስቴ፣

ከሁሉ በፊት እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ደረጃውን ሲወርዱ ግድግዳ ይይዛሉ ወይስ አሁንም «እኔ ምን ሆኛለሁ» እያሉ እጅዎን አወናጭፈው ነው የሚወርዱት? ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? የጓሮው በር አሁንም በድንጋይ ነው የሚዘጋው? እኔ ደህና ነኝ። ሰው በደብዳቤ «ደህና ነኝ» የሚለው ሌላ የሚጽፈው ሲያጣ ነው ይሉኝ ነበር። እኔ ግን የምጽፈው ሞልቶኝ ተቸግሬአለሁና ደህና መሆኔን ይመኑኝ።

ሥራ ከጀመርኩ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። ዲግሪዬን በመስታወት አስገብተው ሳሎን እንደሰቀሉት ሰማሁ፤ እዚህ እንኳ ማንም አይቶት አያውቅም። እዚህ የሚታየው ቦቲዬ ነው። እርባታው ሦስት ረጃጅም የዶሮ ቤቶች፣ አንድ የመፈልፈያ ክፍል፣ አንድ የመኖ መጋዘንና ሽታው ከፀጉር የማይለቅ ቢሮ አለው። አለቃችንን «ሻለቃ» ነው የምንላቸው። ወታደር ቤት ደጃፍ ደርሰው አያውቁም፤ ስሙ የመጣው ደረታቸውን ነፍተው ከሚራመዱት አረማመድ ነው። በአራት ወር ውስጥ አምስት የማሻሻያ ሐሳብ ጽፌ ሰጠኋቸው። አምስቱንም አንብበው «ጥሩ ነው፣ አስቀምጪው» አሉኝ። የት እንደማስቀምጠው ግን አልነገሩኝም። ያውቁኛል መቼም፤ ስድስተኛውን ጀምሬአለሁ።

የምጽፍልዎ ግን ስለ ሥራዬ ላወራዎት አይደለም። አንድ ነገር እንዲያምኑኝ ነው። ካለፈ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ እርስዎ ረስተውት ይሆናል፣ እኔ አልረሳሁትም። የዚያች የዳክዬ ጫጩት ነገር ነው።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ አርፋ ወደ እርስዎ ቤት ከመጣሁ ገና ሁለት ወሬ። ጎረቤት ሦስት የዳክዬ እንቁላል ሰጥተውዎት፣ እርስዎም «ዶሮ ምን ታውቃለች፣ እንቁላል እንቁላል ነው» ብለው ዶሮዎን አሳቀፏት። የዳክዬ እንቁላል ስለሚዘገይ የራሷን የጨመሩላት ከሳምንት በኋላ ነበር፤ ሁሉም ባንድ ቀን እንዲወጡ። ይህን ከማን እንደተማሩት ሳስበው አሁንም ይገርመኛል፤ እኔ ለማወቅ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መቀመጥ ነበረብኝ። ስምንት የዶሮ ጫጩትና አንዲት ዳክዬ ወጡ። ዝናቡ አላስወጣ ስላለ ከነእናታቸው የኋላ ክፍል አስገቧቸው። ከሱቅ የመጣ የጫጩት መኖ በዚያ ጠርዙ በተላላጠ ሰማያዊ ትሪ ያቀርቡላቸው ነበር፣ ለሁሉም ከአንድ ትሪ።

እኛም እንዲሁ ነበር የምንበላው። ዳቦ ሲቆርሱ አንዱን ቁራሽ ካንዱ ጋር አስተያይተው፣ የበለጠውን ቆንጠር አድርገው ላነሰው ይጨምሩ ነበር። «በዚህ ቤት የማንም ልጅ የለም፣ ሁሉም የኔ ነው» ይሉ ነበር። ያ ክፍል፣ የገለባው ሽታ፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ፣ ያቺ ቢጫ ፍጥረት እግሬ ሥር እየተንደረደረች ስትከተለኝ… ዓይኔን ስጨፍን ሁሉም እንዳለ አለ። እንደዚያ የሚከተለኝ ፍጥረት ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም፤ ፍቅረኛ ነኝ ያለውም እንኳ አልተከተለኝም።

ሳምንት እንዳለፋት እግሯን ያዛት። መጀመሪያ ስትሮጥ ወደ ጎን ታዘነብላለች። ከዚያ ቁጭ ብላ መብላት አመጣች። ከዚያ እግሮቿ ጎበጡ፣ ቁርጭምጭሚቷ አበጠ፤ በክንፏ እየቀዘፈች ወደ ትሪው ትሳብ ነበር። ትልቋ ልጅዎ፣ ያኔ ሁሉን «አየሁ» ስለምትል «ምስክር» የምንላት፣ እኔ ስረግጣት እንዳየች ተናገረች። ያየችው ጫማዬን በእጄ ይዤ ከክፍሉ ስወጣ ነው። ጫማዬን ያወለቅሁት ደግሞ ላለመርገጥ ነበር። (አደራ፣ አሁን እንዳይቆጧት። እሷም ያኔ ልጅ ነበረች፣ ዛሬ ሦስት ምስክሮች ወልዳ ክሳለች።)

እርስዎ አልተቆጡኝም። ልጆችዎ ብርጭቆ ሲሰብሩ ድምፅዎ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። እኔን ጭንዎ ላይ አስቀመጡኝና «ይቅር ብዬሻለሁ፣ ልጅ አይደለሽ» አሉኝ። ለልጆቹም ማንም ይህን ነገር እንዳያነሳባት ብለው አዘዙ። ዳክዬዋ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ይቅር የተባልኩት ልጅ እኔ ሆንኩ። ጫጩት ያለበት ስገባ ሰው ሁሉ እግር እግሬን ያያል። የእንስሳት ጤና ልማር ነው ባልኩ ጊዜ ምስክር ምን እንዳለች ያስታውሳሉ? «የዚያችን የዳክዬ ነፍስ ልትመልስ ነው» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው። እርስዎም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

እንግዲህ ባለፈው ወር ለሙከራ ተብሎ አርባ የዳክዬ ጫጩት መጣልን። እርባታው ዳክዬ አያውቅም። ከዶሮ ጫጩቶቹ ጎን፣ በዚያው አምፖል ሥር ሆነው ያንኑ መኖ ይበሉ ጀመር። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ስገባ አንዷ ተቀምጣለች። ሌሎቹ ሲሮጡ እሷ በክንፏ ትቀዝፋለች። 

እና አክስቴ፣ የተማርኩት እኔ፣ ዲግሪዬ ሳሎን የተሰቀለው እኔ፣ መጀመሪያ ምን አሰብኩ መሰለዎት? ሰው ረግጧታል አልኩ። ያን ክፍል ጠዋት ጠዋት የሚጠርጉት «እትዬ» የምንላቸው ሴት ናቸው፤ በእርስዎ ዕድሜ ይሆናሉ። ሳያውቁ ረግጠዋት እንደሆነ ነገርኳቸው። ይባስ ብዬ የእርስዎን ድምፅ ተውሼ፣ ግድ የለም ይቅር ብያለሁ፣ ለሻለቃ አልናገርም አልኳቸው።

መጥረጊያቸውን ግድግዳ አስደገፉ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ያላደረግሁትን ይቅር አትበይኝ። ተቆጪኝ፣ ክሰሺኝ፣ መልስ አለኝ። ይቅር ካልሽኝ ግን ምን ብዬ ልመልስልሽ?»

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አሥራ አራት ዓመት አፌ ውስጥ የኖረውን ነገር ሌላ ሰው አወጣው።

በነጋታው ሌሎች ሁለት ተቀመጡ። ሦስት ዳክዬ እየለየ የሚረግጥ ሰው ደግሞ የለም። ሻለቃ መጥተው አዩና እግራቸውን የያዛቸው ይለዩና ይወገዱ አሉ። ለመንኳቸው። አምስት ቀን ሰጡኝ። በአምስተኛው ቀን በእግሯ ሄዳ ውሃ ያልጠጣች ሁሉ አለቀላት ማለት ነው።

ሮጬ ሄጄ የሦስተኛ ዓመት ደብተሬን ገለበጥኩ። ኅዳጉ ላይ በእንቅልፍ ልቤ የጫርኳት አንዲት መስመር አገኘሁ፤ የዳክዬ ጫጩት ናያሲን የሚባለውን ቫይታሚን ከዶሮ ጫጩት እጥፍ ያህል ትፈልጋለች ትላለች። ለዶሮ ጫጩት የሚበቃው መኖ ለዳክዬ አይበቃትም፤ ሲጎድላት እግሯ ይጎብጣል። ፈተና ላይ ስላልመጣች ረስቻት ነበር።

ከዚያማ ሥራ ሆነ። ቫይታሚኑን በውሃቸው በጠበጥኩ፣ የቢራ እርሾ ዱቄት መኖው ላይ ነሰነስኩ፣ አተር ቀቅዬ ፈጨሁላቸው። ወለሉ ላይ የተነጠፈው ጋዜጣ ያንሸራትታቸው ስለነበር አንስቼ የራሴን ፎጣ አነጠፍኩ። በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ለብ ያለ ውሃ አድርጌ፣ የመጀመሪያዋን ሆዷን በእጄ ደግፌ እግሯን እንድታንቀሳቅስ አደርጋት ነበር። እትዬን ይቅርታ ጠይቄአቸው ነበር፤ ሁለት ቀን ግን ዘጉኝ። በሦስተኛው ቀን አጠገቤ ተንበርክከው፣ እጅሽን ላላ አድርጊ እንጂ አነቅሻት አሉኝ። ታረቅን ማለት ነው።

በዚያው ቀን ሁለቱ ቆሙ። የመጀመሪያዋ አልቆመችም። በአራተኛው ቀን በአንድ እግሯ ብቻ ውሃውን ገፋች። በአምስተኛው ጠዋት ሻለቃ ሰዓታቸውን እያዩ መጡ። ውሃውን ሦስት ርምጃ አርቄ አስቀመጥኩላት። ተቀምጣ አየችኝ። እኔም አየኋት።  ተነሳች፣ በአፍንጫዋ ተደፋች። እንደገና ተነሳች፤ ከዚያ እንደ ሰካራም ግራ ቀኝ እየረገጠች ሄዳ ጭንቅላቷን እስካንገቷ ውሃው ውስጥ ነከረችው። ሻለቃ ጎንበስ ብለው አዩዋትና፣ አረማመዷ ግን አያምርም አሉ። እትዬ ከኋላቸው ሆነው ዝቅ ባለ ድምፅ «የማን ያምራል» ሲሉ ሳቄ አፈነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአርባዎቹም መኖ ተለወጠ።

ደስ ብሎኝ ልጽፍልዎ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ እጄ ቆመ። ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። «እኔ አልረገጥኳትም» ብዬ ከጻፍኩ ቀጥሎ የሚመጣው «መኖው ነው» የሚለው ነው፤ መኖውን ደግሞ የሚሰጡት እርስዎ ነበሩ። እባክዎ በዚህ እንዳያዝኑ። ያኔ በዚያ ሰፈር ማን ያውቅ ነበር? ተምሬው እንኳ የረሳሁት ነገር ነው። ሳያዳሉ እኩል ሰጧት። እኩል የማይበቃት ፍጥረት መኖሯን ማን ነግሮዎት? እሷም ጨምሩልኝ አላለች፤ ድርሻዋን በልታ ተቀመጠች።

አልረገጥኳትም፣ አክስቴ። ይኸው ጻፍኩት።

ግን እዚህ ላይ ባበቃ ደግሞ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። ያን ቀን ይቅር ከማለትዎ በፊት ጠይቀውኛል። «ረግጠሻት ነው?» ብለው፣ ቀስ ብለው ጠይቀውኛል። ራሴን ነቅንቄ አዎ ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ጭንዎ ላይ ነበርኩ። ቤትዎ ከገባሁ ጀምሮ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። እጅዎ ፀጉሬ ውስጥ ነበር፤ ቀሚስዎ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። አይደለም ካልኩ ነገሩ አለቀ ብለው «በይ ተነሺ፣ ሂጂ ተጫወቺ» የሚሉኝ መሰለኝ። እና ነቀነቅሁ። እስኪመሽ አላወረዱኝም።

በሚቀጥለው ወር የአንድ ሳምንት ፈቃድ አለኝ፤ እመጣለሁ። ስመጣ ግን ይቅር እንዳይሉኝ። ልጆችዎን እንደሚቆጡት፣ መንገድ ድረስ በሚሰማው ድምፅዎ ይቆጡኝ። «ለምን ዋሸሽኝ?» ብለው ይጠይቁኝ። መልሱን አጠገብዎ ተቀምጬ እነግርዎታለሁ።

እስከዚያው ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ያን ድምፅዎን ያቆይልኝ፣ ቤትዎን ከሰው አያጉድልብኝ። ምስክርንና ልጆቿን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ