ሳይተኮስ የታረቀው ቴአትር

ይድረስ ለምወድሽ እኅቴ ለወይዘሮ ላቀች፣ ጅማ።

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ከእኔ ሰላምታ በፊት የእኔ ይቅደም ያለችው እማዬ ናትና፣ እንደምን ከረመች፣ ራስ ምታቱ ለቀቃት ወይ፣ የጅማ ዝናብ አባራላቸው ወይ ብላለች። ጋሼ ንጉሴስ እንደምን ናቸው? ፈትለወርቅ ጥርስ አበቀለች ወይ? ካበቀለች ስንት? እማዬ ቁጥሩን ሳትሰማ አታርፍምና በትክክል ጻፊው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ደኅና ነን ስልሽ እስከ ዛሬ እሑድ ድረስ ማለቴ ነው። ለነገው ሰኞ ዋስ መሆን አልችልም፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

የወይራ ሥሩን ማሳ ነገር ታውቂዋለሽ። አያታችን ካረፉ ወዲህ አባባና ወንድማቸው አያ ታፈረ በዚያ ቁራሽ መሬት እንደተኳረፉ፣ ቃል ሳይለዋወጡ ይኸው ሰባት ዓመት ሞላቸው። ዘንድሮ ባሰ። አባባ ሦስት ጊዜ አርሰው ሲያለሰልሱት፣ አያ ታፈረ ቀድመው ገብስ ዘሩበት። ለአረሙ ደግሞ አንዱ ማክሰኞ ሲገባ ሌላው ሐሙስ ይገባል። እንዲህ ተደርጎ የታረመ ገብስ በጋይንት ምድር አልታየም፤ ሁለት ወንድማማች በእልህ ሲነቅሉት አረሙ የት ይድረስ? አሁን ገብሱ ደርሷል። ሁለቱም ለነገ ደቦ ጠርተዋል። ሁለቱም ማጭድና ጠመንጃ ይዘው ሊወርዱ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ በተለያየ በር ቆመው ምለዋል።

እኔ ወንድምሽ ታዲያ ምን አደረግሁ? ቴአትር ጻፍኩ። አትሳቂ። በአባባ ፊት ቀና ብዬ መናገር እንደማልችል አንቺ ታውቂያለሽ፤ ለሌላ ሰው አፍ ጽፌ መስጠት ግን ይሆንልኛል።

ነገሩን ያስጀመረኝ አስናቀ የሚባል፣ ከአዲስ አበባ ወደ ተማሪ ቤታችን የተላከ አስተማሪ ነው። የቴአትርን ሥራ ተምሬአለሁ ይላል። አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ተራራ ሣለና ጉና ነው አለኝ። «በዚህ በግርጌው ሰዎቹንና ጠባቸውን ታስተዋውቃለህ፤ ከዚያ ጠቡን እያከረርክ ዳገቱን ታወጣቸዋለህ፤ አናቱ ላይ መመለሻ የሌለው ነገር ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው፣ እንባና ጸጸት» አለ። አናቱ ላይ ሲደረስ ተመልካቹ ምን ያደርጋል ብዬ ጠየቅሁት። «ትንፋሹን ይዞ ያያል እንጂ ምን ያደርጋል!» አለኝ በንቀት። ጋይንት በመጣ በሦስተኛ ወሩ ነው እንዲህ የሚለኝ።

እኔም ሞኙ አመንኩት። የአባባንና የአያ ታፈረን ጠብ በሌላ ስም ጻፍኩት። አናቱ ላይ ታላቅየው ታናሹን ተኩሶ ይጥላል፤ ቁልቁለቱ ላይ ሬሳው ላይ ተደፍቶ ሲያለቅስ ያልቃል። ሁለቱ አባቶቻችን ያንን ሬሳ ዐይናቸው ካየ ይደነግጣሉ፣ ደንግጠውም ይተዉታል ብዬ ነበር። ተስፋዬ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚያ አንድ ሬሳ ላይ ነው። ገዳይ እኔ፣ ሟች አስናቀ። ሰውዬው መውደቁን ሳምንቱን ሙሉ ሲለማመድ የሱሪው ጉልበት ተቀደደ። እኔም ከዋንዛ እንጨት ጠመንጃ ጠረብኩ።

ዓርብ ዕለት በዘውድ በዓል የንፋስ መውጫ ሰው ተማሪ ቤቱ ግቢ ውስጥ ሞላ። አባባን ከፊት በቀኝ፣ አያ ታፈረን ከፊት በግራ አስቀመጥኳቸው። መሐላቸው የቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን አለቃ ገብረ ኢየሱስ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጡ። ግርጌው አማረ። ዳገቱ ላይ ስንሳደብ ሴቶቹ ከንፈር መጠጡ። አስናቀ በጎን እያየ በዐይኑ «እየወጣን ነው፣ እየወጣን ነው» ይለኛል። ከዚያ ጠመንጃዬን ደገንኩ። አስናቀም ለመውደቅ አንድ እግሩን አነሣ።

አለቃ ገብረ ኢየሱስ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «በሕግ አምላክ!» ብለው ጮኹ።

እትዬ፣ በሕግ አምላክ ተብሎ ማን እግሩን ያነቃንቃል? እኔ እንደ ደገንኩ፣ አስናቀ በአንድ እግሩ እንደ ቆመ ቀረን። ሽማግሌዎቹ ከየቦታቸው ተነሥተው ገቡብን። አያ ታፈረ ዘለው አፈሙዙን ያዙ፤ አባባ አስናቀን ወገቡን አቅፈው ወደ ኋላ ጎተቱት። አስናቀ «ኧረ እኔ መሞት አለብኝ!» ቢል፣ አባባ «ተው ልጄ፣ ተስፋ አትቁረጥ፣ ገና ወጣት ነህ» አሉት። ጨዋታ እኮ ነው ብዬ አለቃን ለመንኳቸው። «መሆኑንማ እናውቃለን፤ ታዲያ ሰው ዐይናችን እያየ ሊገደል ቁጭ ብለን ልናይ ነው? አገር ምን ይለናል?» አሉኝ።

ከዚያ ሸንጎው ተዘረጋ። አባባ ፊቴ ቆመው፣ የወለዱኝ ልጅ መሆኔን ረስተው «አንተ ሰው፣ ለአንዲት ቁራሽ መሬት የእናትህን ልጅ?» አሉኝ። አያ ታፈረ ቀበል አድርገው «ታላቅ ማለት ቀድሞ ይቅር የሚል ነው፤ ታናሽም ቢሆን አንገቱን መስበር ይወቅበት» አሉ። አባባም ለሕዝቡ «ይህ ሰው እውነት ተናገረ» ብለው መሰከሩ። በሰባት ዓመት ውስጥ ስለ ወንድማቸው የተናገሩት የመጀመሪያው ደግ ቃል ይኸው ነው። ሽማግሌዎቹ እኔን ድንጋይ አሸከሙኝና የአስናቀን ጉልበት አሳሙኝ፤ ያንን የተቀደደውን። የቴአትሩን ማሳ ለሁለት ከፈሉልን። ሕዝቡ እልል አለ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። እኔ ድንጋዩን እንደ ተሸከምኩ፣ አሁንስ እርስ በርሳቸው ይያያሉ ብዬ ስጠብቅ፣ አባባ በቀኙ በር፣ አያ ታፈረ በግራው በር ወጥተው ሄዱ።

ማታ በራት ላይ ድፍረት አገኘሁና «አባባ፣ ዛሬ የፈረዱት ፍርድ ለወይራ ሥሩ ማሳ አይሆንም ወይ?» አልኳቸው። ጉርሻቸውን ወጥ አስነኩና «እነዚያ እኮ ሲነገራቸው የሚሰሙ ሰዎች ናቸው» አሉኝ።

ትናንት አለቃ ገብረ ኢየሱስ ዘንድ ሄጄ፣ ሰኞ ማሳው ላይ ተገኝተው ያንኑ አንዲት ቃል እንዲጮኹልኝ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ልጄ ሞላ፣ አባትህና አጎትህ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ረግጠዋል። እንግዲህ በእነሱ ነገር ላንገባ ተማምለናል» አሉኝ። አዘኑልኝ፤ መርቀውም ሸኙኝ። ከዚያ አንድ ሹም ደጅ ቆምኩ። ሰው ሞቷል ወይ ብሎ አስጠየቀኝ። ገና ነው ብል፣ ሲሞት አመልክት ተባልኩ። ደግ ሰው ነው፤ ስሜን በመዝገብ አስይዞልኛል፣ ነገ ተራ እንዳልጠብቅ።

አስናቀ ነገ አብሬህ ማሳው ላይ እቆማለሁ ብሏል። ምን ልበል ብሎ ቢጠይቀኝ የምሰጠው ቃል አጣሁ። እኔም የለኝም። መሐል እንቆማለን እንጂ ከቆምን በኋላ ምን እንደሚሆን ሰሌዳ ላይ አልተሣለም። ያደግሽው በአያ ታፈረ ቤት ነውና አንቺ ብትኖሪ ኖሮ ሁለቱም ባፈሩሽ ነበር። ይህ ወረቀት በይማም ነጋዴ በቅሎ እስከ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ በመኪና እስኪደርስሽ ግን ሁለት ሳምንት ነው። አንቺ ስታነቢው ነገሩ ካለቀ ቆይቷል፤ እኔ ስጽፈው ገና አልነጋም።

ጋሼ ንጉሴን እጅ ነሥቻለሁ በዪልኝ። ፈትለወርቅን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ። ጎረቤትሽን ወይዘሮ ረሺዳን፣ ባለፈው ስለ ላኩልን ኮረሪማ እማዬ አመስግናለች በያቸው። እማዬ ለነገው ደቦ ጠላ እየጠመቀች ታለቅሳለች፤ ጢሱ ነው ትላለች። አባባ «ለልጄ ሰላም በልልኝ፣ ለታፈረ ግን እንዳትነግረው» ብለዋል። አያ ታፈረም ዛሬ ከቅዳሴ ስንወጣ ጠርተውኝ ያንኑ ብለውኛል፣ ስሙ ብቻ በአባባ ተተክቶ።

መልስሽን ለየብቻ በሁለት ወረቀት ላኪልኝ፤ አንዱን ለአባባ፣ አንዱን ለአያ ታፈረ። ሰኞን ካለፍናት ሁለቱንም አነብላቸዋለሁ። ካላለፍናት ግን አንዱን ብቻ ነው የማነበው፤ የትኛውን እንደሆነ አላውቅም።

ወንድምሽ ሞላ
ንፋስ መውጫ፣ ጥቅምት ፳፭ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.