ዋስ ስለ ነፈጉኝ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ዓብዲወሊ ጂብሪል
የነስር ጨርቃ ጨርቅ አስመጪ ሥራ አስኪያጅ
ሀርጌሳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ክቡርነትዎ፣ የአዲሱ ቢሮዎ ቅዝቃዜ ጉንፋን ሳያሲዝዎ፣ ተሽከርካሪው ወንበርም ወገብዎን ሳይጎዳ ይህች ደብዳቤ እንድታገኝዎ ዱዓዬ ነው። እኔን ከጠየቁኝ፣ ባይጠይቁኝም፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። በአማርኛ የምጽፍልዎ አዲስ አበባ ተምረው ስላደጉ፣ «አልገባኝም» የማለት ድካም እንዳይደርስብዎ ብዬ ነው። በአደባባይ የምጽፈው ደግሞ ስንብቴንም እርስዎ በአደባባይ ስላደረጉት ነው።

አንደኛ፦ በልጅነቴ ጀምሬ የሸበትኩበትን ሥራ ማጣቴን ሠራተኛው ሁሉ በሚያነበው የዋትሳፕ ቡድን ስላበሰሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ። መልእክቱ የደረሰኝ ከዱባይ የመጣ የሠርግ ጨርቅ ልረከብ ሀርጌሳ አየር ማረፊያ ቆሜ ሳለሁ ነው። ለስንብቴ ምክንያት ብለው የጻፉት «ሪስትራክቸሪንግ» ምን እንደሆነ ባለታክሲውን ብጠይቀው «እህቴ፣ በሽታ ከሆነ አላህ ይማርሽ» አለኝ። ጨርቁን ግን ተረክቤ መጋዘን አስገብቻለሁ፤ እርስዎ ስላባረሩኝ ሙሽሮቹ ምን በደሉ?

ሁለተኛ፦ ለመሸኛ ስለተሰጠኝ የግድግዳ ሰዓት አመሰግናለሁ። ሥራ ለሌለው ሰው ከሰዓት በላይ ምን ያስፈልገዋል!

ሦስተኛ፦ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ወደር የለውም። አሕመድ ዳጋህ ሰፈር፣ ከሱቅዎ አጠገብ፣ ትንሽ ሱቅ ልከራይ ብል የሱቁ ባለቤት አቶ ዋርሳሜ እንደ ደንቡ ዋስ ጠየቁኝ። እንደሚያውቁት በዚህ ከተማ ሰው ብቻውን አይቆምም፤ ከኋላው ጎሳው ይቆምለታል። ከኮምቦልቻ የመጣች ሴት ጎሳ ከየት ታምጣ? አባትዎ ሐጂ ጂብሪል፣ አላህ ይርሐማቸው፣ ይህ ስለገባቸው ገና እንደመጣሁ በገበያ መሐል «ኡምሰልማን የነካ እኔን ነካ» ብለው ተናገሩ፤ በዚያች ቃል ተከልዬ ይህን ሁሉ ዘመን በሰላም ሠራሁ። እርስዎን ዋስ ይሁኑኝ ብዬ ብለምን ግን በጸሐፊዎ በኩል «ድርጅቱ ለቀድሞ ሠራተኞች ዋስ የመሆን ፖሊሲ የለውም» የሚል መልስ ደረሰኝ። አባትዎ ፖሊሲ የሚባለውን ነገር ሳያውቁ መሞታቸው ምንኛ ያሳዝናል! ያለ ዋስ ሱቅ የለም፤ ያለ ሱቅ ደግሞ የቀረኝ ወደማያውቀኝ ኮምቦልቻ መመለስ ነበር። በዕለት ውሎ ማስታወሻዬ ላይ ያን ቀን «ዋስ የለኝም» ከማለት ሌላ የጻፍኩት የለም።

እግረ መንገዴን አንድ የነጋዴ ነገር ላንሳ። ጨርቅ ደንበኛ ቤት ድረስ ወስዶ ማሳየትን ከልክለው «ሳይከፈል ዕቃ አይወጣም» የሚል ማስታወቂያ መስቀልዎን ሰማሁ፤ ብልህነት ነው። ለሠርግ የሚለበሰውን ስስ ቀሚስ፣ ድርያን፣ የምትመርጠው ሙሽራዋ ሳትሆን ቤታቸው ተቀምጠው የሚጨቃጨቁት አክስቶቿ መሆናቸውን የነገረዎ የለም ማለት ነው። ቢያንስ አንዷ «ይሄማ መጋረጃ ነው» ሳትል የተሸጠ ድርያ በዕድሜዬ አላየሁም። እነዚያ አክስቶች ዛሬ መንገድ ላይ እያስቆሙ «የት ገባሽ?» ይሉኛል። እርስዎ ዘንድ ግን ሱቁ ጸጥ ብሏል አሉ፤ ለስብሰባ ይመችዎታል።

አላህ ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ ከገዢ ጫጫታም ይሰውርዎ እያልኩ፣ ትናንት ሠራተኛዎ፣ ዛሬ ጎረቤትዎ የሆንኩት፣

አክባሪዎ
ኡምሰልማ ኸሊፋ

ማስታወሻ፦ የዋስ ነገር አሳስቦዎት እንቅልፍ አጥተው እንዳይሆን፤ ተገኝቷል። እናትዎ ወይዘሮ ኢስታሂል ወሬውን ሰምተው በእግራቸው አቶ ዋርሳሜ ዘንድ መጡና «ባሌ የሰጠውን ቃል ልጄ አይሽረውም» ብለው ፈረሙልኝ። አቶ ዋርሳሜ በቀልድ «ለልጅዎስ ዋስ ይሆናሉ?» ቢሏቸው፣ «እሱን መጀመሪያ ልወቀው» ብለው ሳይስቁ ወጡ።